የመሪጌታው ድንጋይ

ጸናጽሉ ከመሪጌታ ወልደኢየሱስ እጅ ያመለጠው ወረቡ በደራበት ሰዓት ነበር። የኖላዊ እሑድ ነው፤ ለልደት የቀረው ጥቂት ቀን ነው። ደባትሩ በቀኝና በግራ ተሰልፈው መቋሚያቸውን ሲያወርዱና ሲያነሡ፣ ከበሮው መሐል ለመሐል ሲመላለስ፣ ብረቱ የቅኔ ማኅሌቱ ድንጋይ ወለል ላይ ወድቆ ቃጨለ። ከበሮ መቺው እጁን አየር ላይ አቆመ።

ወልደኢየሱስ ጎንበስ ብሎ አነሣው፤ ያነሣው መሰለው እንጂ ቀና ሲል ጸናጽሉ እዚያው ወለሉ ላይ ነበር። ዳግመኛ ጎንበስ አለ። ጣቶቹ እጀታውን ሲነኩ በዓይኑ አየ፤ ጨብጠው ግን አልያዙለትም፤ ብረቱ እንደገና ወደቀ። ከኋላው ሰልፍ አንዱ ሳቁን በነጠላው አፈነ። ይሄኔ የግራው ሰልፍ መሪ፣ ግራ ጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ቦታውን ለቆ መጣና ጸናጽሉን አንሥቶ አስያዘው። ሲያስይዘው እጁን አየት አደረገ፤ ፊቱም ጠቆረ። ወዲያው ወደ ሰልፉ ተመልሶ ዜማውን ከተቋረጠበት አነሣ።

ማኅሌቱ በሰላም አለቀ ይባል ይሆናል፤ ወሬው ግን ከቡራኬው ቀድሞ ከበር ወጥቷል። በጎንደር አንድ ደብተራ ጸናጽል ሁለት ጊዜ ከጣለ ምክንያቱን የሚጠይቅ ሞኝ የለም። ጠጥቷል፤ አለቀ። ያውም በጾም፤ ያውም ማኅሌት ሊቆም።

ነገሩ በሌላ ሰው ደርሶ ቢሆን የመጀመሪያውን ተረት የሚተርተው ራሱ ወልደኢየሱስ በሆነ ነበር። ከልጅነት እስከ ጎልማሳነቱ አቋቋም ሲማር ኖሮ፣ ጣሊያን ወጥቶ ደብሩ እንደገና ሲደራጅ መሪጌታ የተባለ ሰው ነው። ድምፁ ሸጋ ነው፤ እጁ አይስትም። አንድ ሰው ግማሽ ምት ቢቀድም ወይም ቢዘገይ ዞር ብሎ ያየዋል፤ የታየው ሰው ሳምንቱን እንቅልፍ የለውም። ስለ ትሕትና ሲሰብክ የሚስተካከለው አልነበረም፤ በዚህም ይኮራ ነበር።

የሥጋ ደዌ ያለባቸውን ለማኞች ከደጀ ሰላሙ ያስነሣቸውም እሱ ነው። ወረብ በሰሙ ቁጥር በቆረፈደ መዳፋቸው ያጨበጭባሉ፤ ጭብጨባቸው ምቱን ያዛባብናል ብሎ ከሰሰ። አለቃው ቢያመነቱ፣ "ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል ይባላል እኮ" ብሎ አሳቃቸው። በሳቅ መሐል ተፈረደና ለማኞቹ ከቅጥሩ ወጥተው፣ ቁልቁል ወርደው፣ ከዋርካው ሥር እንዲቀመጡ ተደረገ።

ያን ዕለት ከቅዳሴ በኋላ አለቃ ወልደ ዮሐንስ ዕቃ ቤት አስጠሩት። ደባትሩ በግድግዳው ዙሪያ ቆመዋል። አለቃው ሽማግሌ ናቸው፤ መፍረድ አይወዱም፤ ስለማይወዱም ሲፈርዱ ይቸኩላሉ።

"ወልደኢየሱስ፣ ጠጥተህ ነው የቆምኸው?"

ጣቶቹ ከክረምቱ ጀምረው ሲደነዝዙበት ከርመዋል። ብርድ ነው ብሎ በቅቤ አሽቷቸዋል፤ ጎንደር መቼም ብርድ አያጣም። ክንዱ ላይ የወጣውንም ነጣ ያለ ነገር ቋቁቻ ነው ብሎ ትቶታል። ስለ ጣቶቹ ቢናገር ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ፈራው፤ የፈራውን ነገር ግን ለራሱም ስሙን አልጠራውም ነበር።

"አባቴ፣ ወልደኢየሱስ በጾም አይጠጣም" አለ ኃይለ ጊዮርጊስ ከጥግ። "ሌላ ነገር ቢኖር ነው እንጂ። እጁን እስቲ—"

"አንተ ምን አግብቶህ!" ወልደኢየሱስ ቀኝ እጁን ነጠላው ውስጥ ሸጎጠ። "ቦታዬን ስትመኝ ኖረህ ዛሬ ጠበቃ ልትሆነኝ ነው?"

ኃይለ ጊዮርጊስ ትክል ድንጋይ ከምትባል የገጠር አገር የመጣ ሰው ነው። ወልደኢየሱስ አንድም ቀን ስሙን ጠርቶ አመስግኖት አያውቅም፤ ድምፁን "እረኛ የሚጣራ ይመስላል" እያለ ያሾፍበት ነበር። አሁን ያ ሰው አንገቱን ደፋ።

አለቃው መልስ ቢጠብቁ ጠፋ። ዝምታም ቃል ነው አሉና ፈረዱ፤ ለልደት ጠዋት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ እንደ ወጉ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ ጥፋቱን በአንደበቱ ተናግሮ ሕዝቡን ይቅርታ እንዲለምን፤ እስከዚያው ማኅሌት እንዳይቆም። ይቅርታውን ካገኘ ቦታው ቦታው ነው። ቅጣቱ ቀላል ነው ብሎ ያጉረመረመም ነበር።

ወደ ቤቱ ሲወርድ በዋርካው በኩል አለፈ። ከቅዳሴ የተረፈውን ዳቦ ለለማኞቹ መስጠት ልማዱ ነው። መስጠት ስንል መወርወር ማለታችን ነው፤ ከሩቅ ይወረውርላቸዋል፤ ያነሡታል፤ ይመርቁታል። ያን ዕለትም ወረወረ። ዳቦውን ያነሣው ማለደ የሚባለው ለማኝ ነበር፤ የዛሪማ ሰው፤ በደኅናው ዘመን በቅሎ ጭኖ የሚነግድ የነበረ፣ ዛሬ በጉልበቱ የሚድህ።

"እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ" አለ ማለደ። "እጅዎ ግን ተቃጥሏል።"

ወልደኢየሱስ እጁን ከነጠላው አውጥቶ አየ። ከወረቡ በፊት ጧፍ ይዞ ቆሞ ነበር። ጧፉ እስከ ሥሩ ነድዶ በጣቶቹ መሐል አልቋል፤ ቆዳው ተልጦ ሥጋው ቀልቷል፤ ሰሙ ከላዩ ላይ ደርቋል። መቼ እንደ ተቃጠለ አያውቅም።

"ያመዎታል?"

"ያመኛል" አለ ፈጠን ብሎ።

ማለደ ብዙ አየው። "እኔ አላመመኝም ነበር" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። ከዛሪማ ጭነት ይዘው ሲወጡ እሳት ዳር ተኝቶ፣ እግሩ ሲቃጠል ሽታው የቀሰቀሰው ጓደኛውን ነበር፤ እሱ እንቅልፉን ይለጥጥ ነበር። ይህን ነገረውና ዳቦውን ቆርሶ ለጎረቤቶቹ አደለ። "ለሰው አልናገርብዎም። ወደኛ አገር ቶሎ ይምጡ አይባልም።"

ወልደኢየሱስ ፊቱን አዙሮ ሄደ። ዳገቱን እንዴት እንደ ወጣ፣ የቀሃን ወንዝ እንዴት እንደ ተሻገረ አያስታውስም። ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ሸዋረግ ከልጃቸው ከአመተ ሥላሴ ጋር የሰርግ ቀሚስ ጥበብ ትሰፋለች። ልጅቱ ከጥምቀት በኋላ ለደንቢያው ቄስ ዳኛው ልጅ ልትዳር ቀን ተቆርጧል። ሸዋረግ ወሬውን ቀድማ ሰምታለች፤ ፊቱን ስታይ ግን ወሬው እንዳልሆነ ገባት፤ ልጅቱን በሰበብ ወደ ጎረቤት ላከቻት። እጁን ገልጦ አሳያት። ማለደ ያለውንም ነገራት።

"ፊትዎን ወደ ግድግዳው ያዙሩ" አለችው።

ዞረ። መዳፉን ይዛ ስትነካካው የሚያውቀው ክንዱ ሲነቀነቅ ብቻ ነው። ቆየ። ውጭ ዶሮ ይጮኻል፤ ጎረቤት በርበሬ ይወቀጣል።

"ምነው፣ አትወጊም እንዴ?" አላት።

"ወግቻለሁ" አለች።

ዞር ሲል መርፌው በአውራ ጣቱ ሥር ቆሟል። እሷ ነቅላው ደሙን በቀሚሷ ጠርዝ ጠረገች፤ ከዚያ እጁን ሳትለቅ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። አብረው ብዙ ክፉ ቀን አሳልፈዋል፤ በጣሊያን ዘመን ዋሻ ተቀምጠዋል፤ ልጅ ቀብረዋል። እንዲህ ስታለቅስ አይቷት አያውቅም።

ስትጨርስ ፊቷን አበሰችና እንደ ዳኛ ተናገረች። "ጠጥቻለሁ ይበሉ።"

"በዕድሜዬ ጾም ገድፌ አላውቅም።"

"አውቃለሁ።"

"አምሳ ሰው ፊት ሰካራም ነኝ ልበል?"

"ሰካራም ይቅር ይባላል" አለች ሸዋረግ። "ይኸን ግን ማን ይቅር ይለዋል? ቄስ ዳኛው ይሰማል፤ ዘር ይቆጥራል፤ ልጅዎ በተቆረጠ ቀኗ ትቀራለች። እርሷን ይዳሩልኝ። ከዚያ በኋላ ጠበል እንወርዳለን፤ ወደሚሉኝ እሄዳለሁ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱባዔ ይዣለሁ እያለ ለብቻው መብላት ያዘ። አመተ ሥላሴ ምግቡን ስታቀርብ ዓይኗን አያይም፤ አንድ ቀን ብቻ፣ ሳህኑን አስቀምጣ ስትወጣ፣ "አባባ፣ እውነት ጠጥተህ ነው?" አለችው። አዎ አላት። የመጠጡን ውሸት መጀመሪያ የዋሸው ለልጁ ሆነ። ልጅቱም፣ ነገሩ ይግረማችሁ፣ ደስ አላት፤ የከፋ ነገር ጠርጥራ ነበርና።

በገሃዱ ዕለት፣ በልደት ዋዜማ፣ ድንጋይ ሊመርጥ ወደ ጓሮ ወጣ። ሸዋረግ ትንሽ ይያዙ፤ ወጉ ነው እንጂ ክብደቱ አይለካም አለችው። እሱ ግን ከካቡ ውስጥ ትልቁን ጎልጉሎ አወጣ። ትንሽ ድንጋይ የተሸከመ እንዳይባል ነው፤ ሰውየው በቅጣቱም ይኮራ ነበር።

ድንጋዩን ሲያገላብጥ ኃይለ ጊዮርጊስ መጣ። ወልደኢየሱስ ድምፁን ሰምቶ ከጓሮ አልወጣም፤ የለም በይው ብሎ አስባለ። እንግዳው ጥቂት በር ላይ ቆየና መልእክት ትቶ ሄደ።

"ምን አለ?"

"'ነገ ብቻውን አይቆምም በይው' አለኝ።"

ወልደኢየሱስ ደሙ ፈላ። ሰው ሰብስቦ ሊስቅብኝ ነው፤ አጠገቤ ቆሞ ውርደቴን ሊቆጥር ነው አለ። ሸዋረግ እንዲያ አልመሰለኝም ብትለውም አልሰማትም።

የልደት ማኅሌት ሲቆም ወልደኢየሱስ ከውጭ፣ ግድግዳ ተደግፎ አደረ። ድንጋዩ እግሩ ሥር ነው። በእሱ ቦታ የሚመራው ኃይለ ጊዮርጊስ ነበር። ስሕተት ሊያድንበት ጆሮውን ጥሎ አዳመጠ፤ አንድም አጣ። የእረኛ ያለው ድምፅ ውስጥ ሲሰማው የኖረው ሻካራነት፣ ከውጭ ሲሰማ የሚያለቅስ ሰው ሻካራነት ነበር። ይህን ማወቁ ራሱ አናደደው።

ወንጌሉ ሲነበብ ያቺ የሚወዳት ቃል መጣች። ጎል። የከብት በረት። በዓመት በዓመቱ ይህችን ቃል ይዞ ይተረጉም ነበር፤ ንጉሡ በእንግዶች ማደሪያ ቦታ አጥቶ በረት ገባ፣ ትሕትናው ይህን ያህል ነው እያለ፣ እናቶችን ያስለቅስ ነበር። ዛሬ ከግድግዳው ውጭ ሆኖ ሲሰማት ቃሏ ያላሰበውን ነገር አለችው። በረት ይሸታል። በረት ይበርዳል። በረት የገባውን ሰው ቤት ያሉት አያዩትም። ይህን ሁሉ ዘመን ትሕትናን ከሞቀ ቦታ ሆኖ ሲያመሰግናት ነበር።

ፀሐይ ብቅ ስትል ሕዝቡ ግቢውን ሞላው። የበዓል ነጭ ልብስ፣ እንኳን አደረሳችሁ፣ መሳሳም። ሸዋረግና አመተ ሥላሴ ከሴቶቹ መሐል ናቸው። ከፊት፣ ትልቅ ጥምጥም ጠምጥሞ፣ ለበዓሉ ከደንቢያ የመጣው ቄስ ዳኛው ቆሟል፤ አማቹ ላይ የደረሰውን ሰምቷል፤ የደብተራ ነገር ነው ብሎ በሆዱ ስቆ ይቅር ብሎታል።

ወልደኢየሱስ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አድርጎ በግራ እጁ ደግፎ፣ ቀኙን በነጠላው ሸፍኖ ወደ መሐል ገባ። አንዱ፣ "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ብሎ ቀለደ፤ ሳቅ ተሰማ። አለቃ ወልደ ዮሐንስ መስቀላቸውን አንሥተው ዝም አሰኙ።

"በአንደበትህ ተናገር። ምን አጠፋህ?"

ቃሉን ሲያጠናው ከርሟል። "በጾም፣ ማኅሌት ስቆም..." አለና ቆመ። ጠጣሁ የምትል አንዲት ቃል ናት የቀረችው። አልወጣ አለችው። እውነት ወድዶ እንዳይመስላችሁ፤ ኩራቱ ነው ያነቀው። ዕድሜ ልኩን ጾም ጠባቂ ነኝ ያለ ጉሮሮ እንዴት አድርጎ ያውጣት።

"በጾም ምን?" አሉ አለቃው።

ከሕዝቡ መሐል አንድ ድምፅ፣ "ሰካራም እጁን ምነው ይሸፍናል?" አለ። ሌላው ጎረቤቱን ጠየቀ። ወሬ እንደ ንብ መንጋ ተነሣ፤ የቄስ ዳኛው ጥምጥም ወደ ወልደኢየሱስ ነጠላ ዘንበል አለ።

ያኔ ኃይለ ጊዮርጊስ ከካህናቱ መሐል ወጣ። ወደ ቅጥሩ ሄዶ ከካቡ ላይ አንድ ድንጋይ ነቀለ፤ አፈሩን እንኳ ሳያራግፍ ማጅራቱ ላይ አስቀመጠና መጥቶ ከወልደኢየሱስ ጎን ቆመ።

"አባቴ፣ ማፈር ያለብኝ እኔ ነኝ" አለ። "በኖላዊ ዋዜማ ቤቴ ጠርቼ የቀዳሁለት እኔ ነኝ። አልፈልግም ሲለኝ በግዝት አጠጣሁት። እጁንም ያቃጠለው ስንወጣ እኔ ቤት ምድጃ ላይ ወድቆ ነው።"

አለቃው ፊታቸው ተለወጠ፤ የግራ ጌታውን ይወዱት ነበር። ወዲያው ደግሞ ቸኮሉ።

"ከጠጪ አጠጪ ይብሳል። እሱ ይቅር ይባላል፤ አንተ ግን ግራውን ትለቃለህ። በአገልግሎትህ የያዝኸው መሬትም ለሚያገለግል ይሰጣል።"

"ይሁን፣ አባቴ።"

ወልደኢየሱስ በድንጋዩ ሥር አንገቱን አዙሮ አየው። ከድንጋዩ የሚረግፈው ጥቁር አፈር በነጩ ነጠላ ላይ እየወረደ ነው። ይህ ሰው ልጆች አሉት፤ ከዚያች መሬት በቀር የሚበላው የለውም። በኖላዊ እሑድ ጸናጽሉን ሲያስይዘው ሁሉን አይቷል፤ አይቶ ለማንም አልተናገረም። ነገ ብቻውን አይቆምም ያለው ይህን ነበር። ኃይለ ጊዮርጊስ በዓይኑ ጥቀስ አደረገው፤ በል ጨርሰው፣ ጠጣሁ በል እንጂ የሚል ጥቅሻ።

አሁን ማለት ቀላል ነበር። ምስክር ተገኝቷል፤ ይቅርታው ተፈቅዷል። ወልደኢየሱስ ወደ ሴቶቹ አየ። ሸዋረግ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ እባክዎ ትላለች። አመተ ሥላሴ ያን የተሰፋ ጥበብ ለበዓሉ ለብሳው መጥታለች። ልጁን ይወዳት ነበር፤ በዚያች ሰዓት ከምንም አብልጦ ይወዳት ነበር፤ ይህንንም ማንም አይቶለት አያውቅም።

ቀኝ እጁን ከነጠላው አወጣ።

"ኃይለ ጊዮርጊስ ዋሽቷል" አለ። "አልቀዳልኝም፤ እኔም አልጠጣሁም። እዩት።"

መዳፉን ዘርግቶ ዞረ፤ ቁስሉን፣ የነጣውን ክንዱን፣ መታጠፍ የጀመረችውን ትንሽ ጣቱን። ማብራሪያ አላስፈለገም። አጠገቡ ያሉት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ፤ ከነሱ ኋላ ያሉትም፤ ግቢው መሐሉ ክፍት ሆነ። አለቃ ወልደ ዮሐንስ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን መስቀላቸውን ሳያስቡት ወደ ደረታቸው ሳቡት። ቄስ ዳኛው ጥምጥሙን አስተካክሎ፣ ማንንም ሳይሰናበት፣ በቅሎው ወደ ታሰረችበት ሄደ። አመተ ሥላሴ ወደ አባቷ ልትራመድ ስትል እናቷ ክንዷን ያዘቻት፤ ይዛትም ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ከጥምቀት በኋላ የተባለው ነገር ሁሉ እዚያው ግቢ ውስጥ ቀረ።

ወጉ እንዲህ ነው፦ ድንጋዩን የሚያወርደው ይቅር ባዩ ነው። ማን ያውርደው? ወልደኢየሱስ ቆሞ ጠበቀ፤ የሚነካው ጠፋ። በመጨረሻ ኃይለ ጊዮርጊስ የራሱን ድንጋይ ጥሎ እጁን ሰደደ።

"ተወው" አለው ወልደኢየሱስ። "ይኸ የኔ ነው። ወረቡ ሳይጀመር ግባ፤ ቀኙን ያዝ።" ከዚያ፣ ሊለው ሲገባ ስንት ዓመት ያዘገየውን፣ "ድምፅህ ሸጋ ነው" አለው።

ከዚያ ድንጋዩን እንደ ተሸከመ በደጀ ሰላሙ ወጣ። ሰዉ መንገድ ሰፋ አድርጎ ለቀቀለት፤ ለመሪጌታነቱ ይለቁለት ከነበረው ይልቅ ሰፋ አድርጎ። ቁልቁለቱን ወረደ። ዋርካው ሩቅ ነበር። ለማኞቹን ሲያስነሣ ይህን ያህል የሚርቅ አልመሰለውም፤ ድንጋይ ተሸክሞ ሄዶበት አያውቅማ። ትልቁን ድንጋይ መምረጡን ረገመ።

ከዋርካው ሥር ለማኞቹ ቀና ብለው አዩት። የሚጠይቅ አልነበረም። ማለደ ብቻ ጎረቤቱን በክርኑ ገፋ አድርጎ፣ "ጠጋ ጠጋ በሉ" አለ። "አያ ወልደኢየሱስ፣ ወዲህ ይምጡ። ፀሐይዋ ወዲህ ነች ምትመጣ፤ ቦታ አለ።"

ጌታዬ አላለውም። አያ አለው፤ እንደ ታላቅ ወንድም፣ እንደ አገር ሰው። ወልደኢየሱስ ድንጋዩን ከማጅራቱ አወረደ፤ ማንም አላወረደለትም። መሬት ላይ አደላድሎ አስቀመጠውና ተቀመጠበት።

ከላይ ወረቡ ተጀመረ። ከዚህ ቦታ የሚሰማው ግማሹ ነው፤ ሌላውን ነፋሱ ይወስደዋል። ለማኞቹ በተቆራረጠ ድምፅ እየተከተሉ፣ በቆረፈደ መዳፍ ማጨብጨብ ጀመሩ። ምቱ የተዛባ ነው፤ የተዛባው ግን የሚሰሙት ግማሹን ስለሆነ ነበር። ወልደኢየሱስ ሊያርማቸው አፉን ከፈተና ዘጋው። እንባው መጣ፤ አልጠረገውም።

አንዲት ሴት ለበዓሉ እንጀራና ወጥ አምጥታ፣ በማለደ ቆርቆሮ ሳህን ላይ ገልብጣ ሄዳለች። ማለደ ሳህኑን በጉልበቱ እየገፋ መጥቶ በሁለቱ መሐል አኖረው። መሪጌታው አለቃውን ያሳቀበት የቆማጣ ተረት በጊዜው ጆሮው ደርሶ ኖሮ፣ ፈገግ አለ።

"ከገቡ አይቀር እንግዲህ" አለ፣ "ይፈትፍቱ።"

ወልደኢየሱስ ሳህኑን አየ፤ የማለደን ጣት የለሽ እጅ አየ። ጾሙ ተፈትቷል፤ ከትናንት ጀምሮ በአፉ ምንም አልገባም። እጅጌውን ሰበሰበና ቀኝ እጁን ወደ ሳህኑ ሰደደ።